ሳቅ ፈቃድ ነውን?

ቀልድ በእስልምና ነውር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሚጋልበው እንስሳ ለጠየቃቸው ሰው የግመል ልጅ እንደሚሰጡት ነገሩት። ሰውየው ግልገል ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ግራ ሲገባው፣ ትልቁም ግመል የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። ቀልዱ ውሸት የለበትም፤ ማንንም አላዋረደም።

ጥያቄ የሚነሳው ሰውን አሳንሰን ስንስቅ ነው። በአዲስ አበባ የኮሜዲ መድረኮች የገጠሬን አነጋገር መቅዳት የቆየ የማሳቂያ ዘዴ ነው። ኮሜዲያኑ በርኖስ ደርቦ መንዜን ወይም መርሐቤቴን ሲመስል አዳራሹ በሳቅ ይናጋል እንበል። ያ በርኖስ የመንዝን ብርድ ለመቋቋም ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የተሸመነ የጥበብ ሥራ ነው፤ መድረክ ላይ ግን የድንቁርና ምልክት ይሆናል።

«የመንዙ ሰውስ ራሱ ስቆ የለ!» የሚሉ አሉ። ካልሳቀ «ቀልድ አያውቅም» ይባላል፤ ከሳቀ ደግሞ እንደፈቀደ ይቆጠራል። ምርጫ የሌለው ሳቅ እንዴት ፈቃድ ይሆናል?

በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚነገሩት ቀልዶች መካከል ቤተ መንግሥቱንና መኳንንቱን የሚነኩ አሉ። ኃይል ያለውን በቀልድ መንካት ድፍረት ነው፤ በአነጋገሩ የሚሸማቀቀውን መንካት ግን ምን ድፍረት ይጠይቃል?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ቁጥር 11 ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅ ከልክሏል፤ የተሳለቁባቸው ከተሳላቂዎቹ በላጭ ሊሆኑ ይችላሉና። ዛሬ በመንዜው አማርኛ የሳቀ፣ ነገ በጉራጌው ወይም በስልጤው አማርኛ ሲሳቅ ምን መከራከሪያ ይኖረዋል?

እንግዲህ ትኬት ቆርጠን የምንገባ ሁሉ ከሰው ጋር መሳቅንና በሰው ላይ መሳቅን እንለይ። ኮሜዲያኑ ቀጣዩን ቀልድ የሚመርጠው የእኛን ሳቅ ሰምቶ ነው።