ስፋት ነፃነት ነውን?

ነፃነት ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው የመንገዶችን ብዛት ነው፤ ወደፈለጉበት መሄድ፣ የፈለጉትን መሆን፣ የሚያግድ አጥር አለመኖር። ይህን እምነት ለመፈተሽ እንደ ግዙፎቹ ምናባዊ ጌሞች የሚመች ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ እዚያ አጥሩ ተነሥቷልና።

የጌም ኩባንያው ቤተስዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውን ስካይሪምን እንውሰድ። ተጫዋቹ ታሪኩን የሚጀምረው እጁ ታስሮ በጋሪ ወደ መሰየፊያ ሲወሰድ ነው። መጥረቢያው ሊያርፍበት ሲል አልዱይን የተባለ ጥቁር ዘንዶ ከሰማይ ወርዶ ከተማዋን ያጋያታል፤ እስረኛውም በግርግሩ ያመልጣል። ከዚያ ወዲያ የሰሜኑ ምድር ሁሉ ክፍት ነው። ከሩቅ የሚታየው ተራራ ለጌጥ የተሳለ አይደለም፤ በእግር ይወጣል። አንጥረኛው ቀን ሠርቶ ማታ ከአልጋው ይተኛል። በየመደርደሪያው ያሉት መጻሕፍት ተገልጠው ይነበባሉ። ይህ ልፋት ክብር ይገባዋል። ማንም ሳያዝዘው፣ ሽልማት ሳይጠብቅ፣ ከኮረብታው ማዶ ያለውን ለማየት ብቻ የሚራመድ ሰው ንጹሕ የማወቅ ጉጉትን ይቀምሳል። በጥድፊያ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ችግሩም የሚወለደው ከዚሁ ልግስና ነው። አልዱይን ዓለምን ሊውጥ መጥቷል ይባላል፤ ተጫዋቹ ግን አበባ ሲለቅም፣ ቤት ሲገዛ፣ ትዳር ሲመሠርት ቢከርም የዓለም ፍጻሜ በትዕግሥት ይጠብቀዋል። በኢምፓየሩና በዓመፀኛው በኡልፍሪክ ስቶርምክሎክ መካከል የሚካሄደው የእርስ በርስ ጦርነትም እርሱ ካልገባበት ካለበት አይነቃነቅም። ያው አንድ ሰው የተዋጊዎቹ ማኅበር መሪ፣ የሌቦቹ አለቃ፣ ብዙም አስማት ሳይችል ደግሞ የዊንተርሆልድ ኮሌጅ ዋና ጠንቋይ መሆን ይችላል፤ አንዱ ሹመት ሌላውን አይዘጋበትም። ለታሪኩ የሚፈለጉ ሰዎች በሰይፍ ቢመቱ እንኳ ተንበርክከው ይቆዩና ይነሣሉ። ተልእኮው ሁሉ ሲያልቅ ሬዲያንት የተባለው ሥርዓት ሌላ ዋሻና ሌላ ሽፍታ እያዛመደ ማለቂያ የሌለው ሥራ ያቀርባል።

የመጀመሪያው ደስታ ቀስ በቀስ ወደ መሰልቸት የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ጥፋቱን በካርታው ስፋት ላይ ያሳብባሉ። አሪስቶትልም ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው ሥራው ውበት ልክ ይፈልጋል ይላል፤ ከመጠን በላይ የገዘፈ እንስሳ በአንድ እይታ ስለማይያዝ ውብ ሊሆን አይችልም፣ ታሪክም በትውስታ የሚያዝ መሆን አለበት። ለድራማ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አገርም ሆነ ዕድሜ በአንድ እይታ አይያዙም፤ ስለማይያዙም ትርጉም አያጡም። እኔ እንደሚመስለኝ የሚያሰለቸው ስፋቱ ሳይሆን በስፋቱ ውስጥ አንዳች ነገር አለመታጣቱ ነው።

የዚያው ኩባንያ የቀድሞ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሞሮዊንድ፣ በዚህ ረገድ ደፋር ነበር። ለዋናው ታሪክ የግድ የሚያስፈልግን ሰው መግደል ይቻላል፤ ጌሙም ትንቢቱ ከእንግዲህ እንደማይፈጸም አስታውቆ፣ ከፈለገ በዚያው በተበላሸ ዓለም እንዲቀጥል ለተጫዋቹ ይተውለታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ በፖላንድ የተሠራው ዊቸር 3 ደግሞ ዋና ገጸ ባሕርይውን ጌራልትን ከጉብታ ሥር ከታሰረ መንፈስ ጋር ያገናኘዋል። መንፈሱን ቢፈታ አደጋ ላይ ያሉ ወላጅ አልባ ሕፃናት ይተርፋሉ፤ ነገር ግን አንድ መንደር ይጠፋል፣ የአንድ ባሮን ሚስትም ትሞታለች። ቢገድለው ሴትዮዋ ትተርፋለች፣ የሕፃናቱ ዕጣ ግን ይጨልማል። ይህ ሁሉ የሚገለጠው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ነው። ተጫዋቹን የሚያስጨንቀው፣ ለቀናትም የሚያብሰለስለው፣ የተወው መንገድ በእርግጥ የተዘጋ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሕይወት ራሷ በማይመለሱ ነገሮች የተሞላች ናት፤ ሲደክም ውሎ ቤቱ የገባ ሰው የሚጠብቀው አንድ ዓለም ቢያገኝ ምን አለበት? እውነት ነው፣ እረፍት የሚናቅ ነገር አይደለም። ሆኖም ተጫዋቾች ራሳቸው የሚያደርጉትን እንይ። አንዴ ከሞቱ ሴቭ ያደረጉትን አጥፍተው እንደገና የሚጀምሩ አሉ። በካርታ ከከተማ ከተማ መዝለልን ትተው በእግር የሚጓዙ፣ ከአንድ ማኅበር በቀር የማይገቡም አሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ፈላስፋው በርናርድ ሱትስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታን የተረዳው የግድ ያልሆነን መሰናክል በፈቃድ ተቀብሎ ለማለፍ መሞከር አድርጎ ነው። እነዚህ ተጫዋቾች ጌሙ የነፈጋቸውን መሰናክል ለራሳቸው ይሠራሉ፤ የተሰጣቸውን ነፃነት ራሳቸው ሲያጠቡት ውሳኔያቸው ክብደት ያገኛል።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሴ አይደለም የሚል ነው። ስፋት ለነፃነት ቦታ ያዘጋጃል እንጂ ነፃነትን አይሰጥም። ግዙፍ ዓለም የምትሠሩ ሰዎች ሆይ፣ በካርታው ላይ ሌላ ተራራ ከመጨመራችሁ በፊት አንድ የማይመለስ ምርጫ ጨምሩ። የምትጫወቱም፣ አንዱን ማኅበር መርጣችሁ ሌላውን ተዉ፤ በወሰናችሁትም ጽኑ። ሁሉንም የሆነ ሰው ማን እንደሆነ ለመናገር ይቸግረዋል።