የጉልበት ገንዘብ ትርፍ ነው ወይስ ዋና?

 

የዛሬው መልእክት ስለ ገንዘብ ነው፤ በተለይ ደግሞ ከጉልበት ስለሚገኝ ገንዘብ።

ብዙዎቻችሁ የቦክስና የዩኤፍሲ ፍልሚያ ለማየት ሌሊት ትነሣላችሁ። ፊትን መምታት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ነገር ስለሆነ ብዙ ዑለማኦች እነዚህን ስፖርቶች ይቃወማሉ። ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ዛሬ የማነሣው መብራቱ ከጠፋና ተመልካቹ ከተበተነ በኋላ ስለሚመጣው ነው።

ማይክ ታይሰን እ.ኤ.አ. በ1986፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ የዓለም የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን ሆነ። በስፖርት ዘመኑ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳገኘ ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን፣ ገና ከቦክስ ሳይወጣ፣ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። ዕዳው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህን የማነሣው ለሐሜት አይደለም፤ እስልምናን የተቀበለ ወንድማችን ነው፤ ስለ ኪሳራውም ራሱ በአደባባይ ተናግሯል።

ኸቢብ ኑርማጎሜዶቭን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 አቡ ዳቢ ላይ 29ኛ ፍልሚያውን አሸንፎ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ፣ በ32 ዓመቱ በቃኝ አለ። አባቱና አሠልጣኙ ከጥቂት ወራት በፊት ሞተውበት ነበር፤ ለእናቱም ቃል ገብቶ ነበር። ሠላሳኛውን እንዲገጥም ብዙ ቢወተውቱትም አልተመለሰም። ጉልበቱ ሳያልቅ እውቀቱን ለሌሎች ማስተላለፍ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያችው አቡ ዳቢ ጓደኛው ኢስላም ማኻቼቭ ሻምፒዮን ሲሆን ኸቢብ አጠገቡ ቆሞ ያሠለጥነው ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በጃቶ የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን አሸነፈ። በእምነት ባንጋራም የሁላችን ኩራት ነው። በዚያ ዘመን ኦሊምፒክ የሚሮጥ ሰው ገንዘብ አይከፈለውም ነበር። እርሱም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበርና ያገኘው ማዕረግ፣ ኒሻን፣ እንዲሁም እንደ መኪና ያለ ሽልማት ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አንድ ምሽት የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። ዓለም ያደነቃቸው እግሮች ዳግም አልቆሙም። እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በቀሩት እጆቹ ቀስት መወርወር ተምሮ በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሳተፈ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ልብ በሉ! አበበ ገንዘብ አላባከነም፣ ስንፍናም አልነበረበትም። ጉልበት ግን እንዲህ ነው፤ አንዳንዱ ቀስ እያለ ያልቃል፣ አንዳንዱ በአንድ ምሽት ይወሰዳል።

ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ገበያዋ የሚቆመው በዚሁ በአርብ ቀን ነበር፤ ሲራራ ነጋዴዎችም ከሐረርና ከባሕር ጠረፍ ሸቀጥ ይዘው ይመጡባት ነበር። ነጋዴ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደንብ አለ፦ ትርፍ ይበላል፣ ዋናው አይነካም። ዋናውን የበላ ነጋዴ ለሚቀጥለው ገበያ የሚያመጣው ዕቃ የለውም።

ታዲያ የቦክሰኛው፣ የሯጩ፣ የቀን ሠራተኛው ዋና ምንድን ነው? አካሉ ነው። በየፍልሚያው፣ በየሩጫው፣ በየፈረቃው ከዚያ ዋና ላይ ጥቂት ይቀነሳል። ስለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ከፊሉ የዋናው ምትክ ነው። ደመወዙን በሙሉ የበላ ሰው፣ ሳያውቀው ዋናውን በልቷል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ዩሱፍ ይህንኑ አስተምሮናል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ሰባት የጥጋብ ዓመታት መጥተው ሰባት የድርቅ ዓመታት እንደሚከተሉ ሲናገሩ፣ መፍትሔውንም አብረው ሰጡ፦ ጥቂቱን ብሉ፣ የቀረውን ከነዛላው አስቀምጡ። ዩሱፍ የአላህ ነቢይ ነበሩ፤ ተወኩላቸው ግን ጎተራ ከመሥራት አላገዳቸውም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስም በታመሙ ጊዜ ንብረታቸውን በሙሉ ሊሰጡ ሲሉ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከሲሶው በላይ አልፈቀዱላቸውም፤ ቤተሰብን እጁን ለሰው እንዲዘረጋ ትቶ ከመሄድ ይልቅ ራሱን እንዲችል አድርጎ መተው እንደሚሻል ነገሯቸው።

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራው፣ ሲሚንቶ የምትሸከመው፤ ያለህበት ዘመን የጥጋቡ ዓመት ነው። ደመወዝህ ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከትንሹ ላይ ገና ሳትነካው ለዋናው ለይ። ዕቁብ ግባ፣ ሁለት በግ ገዝተህ አድልብ፣ ማታ ማታ ሙያ ተማር። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትም ዛሬ አገራችን ውስጥ አለ። በእነዚያ ፍልሚያዎች ላይ ውርርድ የምታስይዝ ከሆንክ ግን እወቅ፤ ያ ቁማር ነው፣ ሐራም ነው። የራስህን ወገብ ሸጠህ በሌላ ሰው ቡጢ ላይ እየጣልከው ነው።

እህቴ፣ ሳዑዲ ሰው ቤት የምትሠሪው፤ ለወላጅ መላክ ትልቅ ኸይር ነው። ግን ሁሉን ልከሽ ባዶ እጅሽን አትመለሺ። በስምሽ ለአንቺ የሚቀመጥ ይኑር። ቤተሰቦችም ስሙኝ! ልጃችሁ የምትልከው ብር የወጣትነቷ ዕድሜ ነው። ለሠርግና ለድግስ ስትመነዝሩት የምትበሉት የእርሷን ዋና ነው። ይህ አማና ነው።

ያስቀመጣችሁት ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ሲዞረው ከመቶ ሁለት ብር ተኩል ዘካ አውጡ። ዘካ ገንዘብን ያጠራል እንጂ አያጎድልም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከአምስት ነገሮች በፊት በአምስት ነገሮች እንድንጠቀም መክረውናል፤ ወጣትነት ከእርጅና፣ ጤና ከሕመም፣ ሀብት ከድህነት በፊት ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። የቂያማ ቀንም ስለ ወጣትነታችን በምን እንዳሳለፍነው፣ ስለ ገንዘባችንም ከየት እንዳመጣነውና በምን ላይ እንዳዋልነው እንጠየቃለን። ሁለቱ ጥያቄዎች ጎን ለጎን የሚመጡት በከንቱ አይደለም። ገንዘባችን ወጣትነታችን ነውና።

ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ነገር አድርጉ። ወረቀት ይዛችሁ፣ ባለፈው ወር ከገባው ብር ስንቱ ተበላ፣ ስንቱ ለነገ ቀረ ብላችሁ ጻፉ።

አላህ ሪዝቃችንን ሀላል ያድርግልን፣ በጉልበታችን ላይ በረካ ያውርድልን፣ ጉልበታችን ሲደክም ለሰው እጅ ከመዘርጋት ይጠብቀን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!