በደረቅ ምድር የሚተከል ዛፍ



እግዚአብሔር ሰውን በአትክልት ስፍራ እንዳኖረውና ያንን ስፍራ ያለማውና ይጠብቀው ዘንድ አደራ እንደ ሰጠው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እናነባለን። እኛ ሰባክያን ስለ ማልማት አብዝተን እንናገራለን፤ ስለ መጠበቅ ግን ቸኩለን እናልፋለን። ዛሬ የምናገረው ስለ ታላላቅ ደኖች ሳይሆን ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ ነው፤ ምን እንደምንተክልበትና በማን ውኃ እንደምናጠጣው።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ክብረ በዓል በግቢያችን ለምለም ሣርና ከሩቅ አገር የመጡ አበቦች እንዲተከሉ ያዘዝሁት እኔ ነበርሁ። በዓሉም አማረ። በጋው በገባ ጊዜ ግን ዘበኛው በጎማ ሣሩን ሲያጠጣ፣ አንዲት እናት ባዶ ጀሪካን ይዘው ከበሩ ቆመው አየሁ። «አባ፣ ሣሩ ሲጠግብ ይቀዳልን ይሆን?» አሉኝ። በቁጣ አልተናገሩም፤ በትሕትና ነው የጠየቁኝ። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ያ ውኃ ከወዴት እንደሚመጣ እናውቃለንና። ሐረርን ለብዙ ዘመን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደረቀ። በዙሪያው ያለው ተራራ ተራቁቶ አፈሩ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለከተሞችም ፍጆታ ያለ ልክ ተቀዳ። ከዚያ ወዲህ ለከተማችን ውኃ የሚሳበው ከድሬዳዋ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። በሣር ላይ የምናፈስሰው እያንዳንዱ ጀሪካን ይህን ሁሉ ዳገት የወጣ ነው።

አባታችን አብርሃም በቤርሳቤህ፣ በዚያ በደረቅ ምድር፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ ከአቢሜሌክ ጋር ቃል ኪዳን ከተጋባ በኋላ ዛፍ ተከለ፤ በዚያም የእግዚአብሔርን ስም ጠራ (ዘፍ. 21)። ዕብራይስጡ የሚጠራው ዛፍ በአሸዋና በድርቅ የሚጸና የዚያው ምድር ተክል ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ በመጀመሪያ ከጎረቤት ጋር ስለ ውኃ ዕርቅ፣ ቀጥሎ ዛፍ፣ ከዚያ በኋላ ጸሎት።

ለእኛም ምድራችን የራስዋን ዛፎች ሰጥታናለች። ወይራ በዝግታ ያድጋል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ ድርቁን ይችላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ከአሕዛብ የመጡትን ምእመናን የመሰላቸው በበረሃ ወይራ እንደ ሆነ አንርሳ። ዋንዛ ነጭ አበባው ለንብ ቀለብ ነው፤ በቅዳሴ የምንመታው ከበሮም ብዙ ጊዜ ከእርሱ ግንድ ይፈለፈላል። በሐረርጌ ገበሬ ማሳ መካከል የቆመውን፣ በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለውን የግራር ወገን ደግሞ ተመልከቱ። በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለማሽላው ፀሐይ ይለቅለታል፤ በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እርሱ ለምልሞ ለከብትና ለሰው ጥላ ይሆናል። ለአጥር ቅንጭብና አጋም፣ ለድንጋያማ ጥግ እሬት አለን። ባሕር ዛፍን አልነቅፍም፤ ማገዶና ወጋግራ ሰጥቶናል፤ በውኃ አጠገብ ግን ቦታው አይደለም። ደግሞም ድርቅ መቻል ብቻውን አይበቃም፤ ከውጭ የመጣው ፕሮሶፒስ ድርቅን ከማንም ይልቅ ይችላል፣ ነገር ግን በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ የግጦሹን ምድር ወርሶ አርብቶ አደሩን አስለቅሶአል።

በጀጎል ውስጥ ያላችሁ ግቢያችሁ ጠባብ ነው። ሾላንና ዋርካን ከግንብ አርቁ፤ ሥራቸው ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩትን ቅጥር ደግሞ ሁላችንም እንጠብቀው ዘንድ ይገባናል። ለእናንተ እሬት፣ ጤና አዳምና በሶብላ በማሰሮ ይበቃሉ።

ወደ ሐረር እ.ኤ.አ. በ1881 የገቡት የካፑቺን አባቶች ልጆቹ የሆኑለት ቅዱስ ፍራንቸስኮስ፣ የገዳሙ አትክልተኛ መሬቱን በሙሉ ለጎመን እንዳያውለው፣ ከፊሉን ለምድረ በዳው ሣርና አበባ እንዲተውለት ያዝዝ ነበር። ነፍሰ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ጋራ ቤታችን በጻፉት መልእክት ይህንኑ አስታውሰዋል። በራሱ የሚበቅለው እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ነው ማለታቸው ይመስለኛል።

ስለ ውኃውም ቆርቆሮአችንን እንመልከት። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤተ ክርስቲያን 10 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ቀን 2,000 ሊትር ያህል፣ ማለትም 100 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀበላል። እኛ ይህን በአሸንዳ ወደ ታንከር ከመመለስ ይልቅ ወደ ጎርፍ ስንሰድደው ኖረናል።

በእኛ ግቢ ሣሩ ተነሥቶአል፤ በስፍራው ስድስት ወይራ ተከልን። ሁለቱን ፍየል በላቸው፤ ጥፋቱ አጥር ያላጠርነው የእኛ ነው። አራቱ ግን ሁለት በጋ የጣሪያ ውኃ ጠጥተው አሁን ራሳቸውን ችለዋል። የታንከሩን ቧንቧ ወደ ውጭ በኩል አውጥተነዋል፤ እኒያ እናት አሁን ሳይጠይቁ ይቀዳሉ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ጉድጓዱን ከልጆቹ ጋር በግንቦት ቆፍሩ፤ የላዩን አፈር ለብቻ አኑሩት፤ ችግኙን በሐምሌ፣ ምድር ጠግባ ስትርስ ትከሉ። ከዳገቱ በታች በኩል በግማሽ ጨረቃ እርከን ሥሩለት፤ ግርጌውን በደረቅ ሣር አልብሱት። የእሬት ቡቃያ የሚያስፈልገው ቁምስና ካለ፣ ከእኛ ግቢ መጥቶ ይንቀል፤ ብዙ አለን።