ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄያችን አጭር ናት፤ እንቅልፍ የነፈግነውን ሰው «ርኅራኄ የለህም» ብለን ልንወቅሰው እንችላለን ወይ?

ነገሩን ያነሣሣብን አንድ አብሮ አደጋችን ነው። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ኢንተርን፣ ማለትም ተለማማጅ ሐኪም ነው። ባለፈው ጥምቀት ፈቃድ አግኝቶ ደብረ ማርቆስ መጣ። እናቱ ቤት ተሰብስበን ሳለ ገና አንድ ሁለቴ እንደ ጎረሰ እንቅልፍ ጣለው። ሳቅንበት። ማታ ግን እንዲህ ብሎ አጫወተን፦ ዲዩቲ ከገባ 30 ሰዓት አልፎት ሳለ አንዲት እናት «ዶክተርዬ፣ ልጄ እንዴት ሆነልኝ?» ቢሉት «አይጨቅጭቁኝ!» ብሎ ጮኸባቸው። ልጃቸው ድኖ ወጣ። እሱ ግን «እኒያ እናት ከዓይኔ አልጠፉም» አለን።

በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ከፊላችን «ድካም ክፉ ቃልን አያጸድቅም» አልን። ከፊላችን ደግሞ «ምን ያድርግ፣ እሱም ሰው ነው!» አልን።

አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ ሰክሮ ያጠፋ ሰው ቅጣቱ እጥፍ ስለሚሆንበት ሕግ ያነሣል፤ ላለመስከር ይችል ነበርና። እንግዲህ 24 ሰዓት ሳይተኛ የዋለ ሰው እንደ ሰካራም ቅልጥፍናው እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሰካራሙ ብርጭቆውን ያነሣው በራሱ እጅ ነው፤ የተለማማጁን የተረኝነት ሰሌዳ የጻፈው ግን ሌላ ሰው ነው። እንደኛ አስተሳሰብ፣ ክፉ ቃሉ የእሱ ነው፤ ድካሙ ግን የእሱ ብቻ አይደለም።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ወጣት ኒው ዮርክ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ያከሟት ረጅም ሰዓት ይሠሩ የነበሩ ሠልጣኝ ሐኪሞች ነበሩ። ጉዳዩ ብዙ ካከራከረ በኋላ፣ በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት የሠልጣኞችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ወሰነ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም በ2017 የጄኔቫን ቃለ መሐላ ሲያሻሽል፣ ሐኪሙ በሚገባ ለማከም የራሱንም ጤና እንዲጠብቅ አከለበት። እንግዲህ ማረፍ የግዴታው አካል ሆነ ማለት ነው።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. ተለማማጆችና ሬዚደንቶች ጥያቄያቸውን ይዘው ሰልፍ ወጥተዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ጠይቀው በከፊል ሥራ አቁመዋል።

«ሐኪሙ ጥቂት ነው፤ እሱ ቢተኛ በሽተኛውን ማን ያየዋል?» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፣ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን ጓደኛችን እንደ ነገረን፣ ከሌሊቱ ብዙውን የሚያጠፋው በማከም አይደለም፤ የደም ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ በመሮጥ፣ የጠፋ ካርድ በመፈለግ፣ አልጋ በመግፋት ነው። ይህን ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የጎጃም ገበሬ እንኳ በሬውን ሲደክመው ከቀንበር ይፈታዋል፤ ያውም ስለ ቸርነቱ ብቻ ሳይሆን፣ ነገም ማረስ ስላለበት ነው። ጠዋት በራውንድ ላይ በበሽተኛ ፊት ማዋረዱ ቢቀርም ወጪ አይጠይቅም።

እኛስ? «ጀግና፣ ቻለው!» ማለት ለእኛ ይቀለናል። ግን ሙገሳ እንቅልፍ አይሆንም። ከዲዩቲ የተመለሰ ጓደኛ ዶርም ውስጥ ሲተኛ ሙዚቃውን እንቀንስ፤ ራቱን እናስቀምጥለት፤ ዝም ሲል «ምን ሆንክ?» እንበለው። ሰሌዳውን የሚያወጡትንም ስለ እሱ እንጠይቅ።

ያን ማታ ለጓደኛችን «እኒያን እናት ብታገኛቸው ይቅርታ ጠይቃቸው» አልነው። «እጠይቃለሁ» አለ። እናቱ ቡና እያፈሉ ይሰሙን ኖሮ፣ «አንተስ ጠየቅህ፤ አንተን እንዲህ ያደረገህ ማንን ይጠይቅልህ?» አሉ። ማናችንም አልመለስንላቸውም።