«የማን ነህ?» ለሚለን

ከጅማ መርካቶ አንድ የቡና ነጋዴ እንውሰድ። ስሙ አያስፈልገንም፤ እንዲህ ያለ ሰው በመርካቶ ብዙ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው ከስልጤ ለንግድ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው፤ እናቱ የጅማ ኦሮሞ ናቸው። ሱብሒን ሰግዶ ሱቁን ይከፍታል፤ ቡና ይዞ ከመጣው ገበሬ ጋር በፈረሱላው ዋጋ የሚከራከረው በኦሮምኛ ነው። ባንክ ሲሄድ በአማርኛ ይጽፋል። ለዐረፋ ወደ አባቱ አገር ሲሄድ የአጎቶቹን ቋንቋ ይሰማል እንጂ አቀላጥፎ አይመልስም፤ በዚያ «የጅማው» ይሉታል። ጅማ ሲመለስ ደግሞ «ጉራጌው» ይባላል። በሰፈሩ እድር ከክርስቲያን ጎረቤቶቹ ጋር ድንኳን ይተክላል፣ ቀብር ይሸኛል።

ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነው? ለዓመታት በኪሱ በያዘው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» ለሚለው የተተወችለት መስመር አንዲት ነበረች። የአባቱን ጻፈባት። እናቱ ቦታ አላገኙም።

ውድ አንባቢያን፣ የሰው ልጅ ከየት እንደመጣ መጠየቁ ነውር የለበትም። በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) በጎሳና በነገድ የከፋፈለን እንድንተዋወቅ መሆኑን ነግሮናል። ችግሩ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ለትውውቅ አለመሆኑ ነው። «መጀመሪያ ሙስሊም ነህ ወይስ ኦሮሞ? መጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ነህ ወይስ ሙስሊም?» የሚል ጠያቂ መልሱን አስቀድሞ ይዞ ነው የሚመጣው። የተቀሩትን ማንነቶችህን እንድትጥልለት ይፈልጋል።

እስልምና ግን ጣሉ አላለንም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች እስከ ዛሬ የሚጠሩት ቢላል አል-ሐበሺ፣ ሰልማን አል-ፋሪሲ፣ ሱሀይብ አር-ሩሚ እየተባሉ ነው። ሐበሻነቱ ከቢላል (ረ.ዐ.) አዛን ላይ ምን ቀነሰ? የተወገዘው ሌላ ነገር ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ዘር በሰደቡት ጊዜ ነቢዩ በእርሳቸው ውስጥ ገና የጃሂሊያ ጠባይ መኖሩን ነግረዋቸዋል። ካይሮ በሚገኘው አል-አዝሀርም ከእኛ አገር የሄዱ ደረሶች የሚያድሩበት የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነበር፤ የግብጹ ታላቅ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የአያቶቹን አገር በስሙ ይዞ ነው የኖረው።

ከእኛው ጓሮም ምሳሌ አለ። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር መካ ላይ ለጅማ ሐጃጆች ማረፊያ ቤት አቁመው ነበር። ነገሩን ልብ በሉ። ሐጅ ማለት ሰው ኢሕራሙን ለብሶ ዘሩም ሀብቱም ከላዩ የሚወርድበት ቦታ ነው። ሆኖም ያ ሐጃጅ ጦዋፉን ጨርሶ ሲደክመው፣ ሲታመም፣ ቋንቋውን የሚሰማው ወገን ያስፈልገዋል። ንጉሡ ሁለቱን አላጋጩም።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም «ታዲያ ሃይማኖትን ከጎሳና ከሰፈር እኩል ልታሰልፈው ነውን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ለሙእሚን እስልምና ከሌሎቹ ጋር በሰልፍ የሚቆም ሳይሆን ሌሎቹ የሚመዘኑበት ሚዛን ነው። ነገር ግን ሚዛን ከሆነ «እኛ ሙስሊሞች» የምንለውንም ስብስብ ይመዝናል። ብዙዎቻችን የምንስተው ይህንን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ወገኑን መውደዱ ዐሰቢያ ይሆን እንደሆነ ተጠይቀው፣ ዐሰቢያ ወገንን በበደል መርዳት መሆኑን እንደመለሱ ተዘግቧል። በዚህ መልስ ውስጥ ጎሳ ብቻ ነው የሚል የለም። በአንድ መስጊድ ጣሪያ ሥር ሱፊና ሰለፊ ተባብለን ሰላምታ ስንነፋፈግስ? እሱንም እዚያው ላይ እንመዝነው።

ሚዛኑ የሚፈተነው ግን የራስ ወገን በዳይ ሲሆን ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጣው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል መሮት ነበር። በገዛ አገሩ እንግዳ ያደረገችው ያቺ «የሚኖሩ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ሰልፈኛው ሃይማኖቱንም አገሩንም አልመርጥም፣ ሁለቱም የእኔ ናቸው አለ። በዚያን ቀን ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። የእነርሱ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች፤ ሰልፉ የሚቃወመው እርሷ የተሰጣትን ብልጫ ነው። እነዚያ ሰዎች ክርስትናቸውን አልካዱም፤ ወገናቸውን በበደል አንረዳም አሉ እንጂ።

ከዚያ በኋላ የእኛ ተራ መጣ። በ2003 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አሰንዳቦና በአካባቢዋ፣ ቁርኣን ተዋረደ በሚል ወሬ በርካታ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶች ተቃጠሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ ኦሮምኛ የሚናገሩ፣ በአንድ ገበያ ቡና የሚሸጡ ጎረቤቶች ነበሩ። አቃጣዩ ስንት ነገር ከውስጡ አውጥቶ ቢጥል ነው ክብሪቱን የጫረው? ቋንቋውን ጣለ፣ እድሩን ጣለ፣ የጎረቤትን ሐቅ ጣለ፤ የቀረው «ሙስሊም» የሚል ስም ብቻ ነው። የጎረቤት ሐቅ የወጣለት ስም ደግሞ እስልምና ከሚለው ጋር ምን ያገናኘዋል? «እነርሱም እኮ በእኛ ላይ አድርገዋል» የሚል አይጠፋም፤ እውነት ነው፣ አድርገዋል። ወገንን በበደል አለመርዳት የታዘዝነው ግን ሌላው መጀመሪያ እስኪታዘዝ ድረስ አይደለም።

ወደ መርካቶው ነጋዴ ልመለስ። እንዲህ ባለ ሰሞን አንድ ማታ ጎረምሶች ሱቁ በር ላይ ቆመው «አንተ የማን ነህ?» ቢሉት፣ ከኋላው ደግሞ ከቡናው ጆንያ ጀርባ የእድር ጓደኛው ከነልጆቹ ተሸሽጎ ቢሆን፣ በመታወቂያው ላይ የተጻፈው አንድ ቃል አይበቃውም። የአባቱ ስደተኝነት፣ የእናቱ ቋንቋ፣ አብሮ የተከለው ድንኳን፣ የሰገደው ሱብሒ ሁሉም በአንድ ላይ ያስፈልጉታል፤ ጎረምሶቹን በኦሮምኛ አነጋግሮ መመለስ ያለበት እርሱ ነውና።

ወላሁ አዕለም።