ቤት ለሚገባው ሰው ብቻ ነውን?

አንባቢ ሆይ፤ ለድኻ መራራት መልካም እንደ ኾነ ታውቃለህ። ነገር ግን በመንገድ ዳር የሚያድረውን ሰው ባየህ ጊዜ፥ «ይህ ሰካራም ነው፤ አስቀድሞ መጠጡን ይተው፥ ሥራም ይያዝ፥ ቤት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው» ብለህ በልብህ ፈርደህ ይኾናል። ይህ ፍርድ ቅን ነውን? እስቲ እንመርምረው።

ቤት ገመና ከታች ነው ይባላል። ቤት የሌለው ሰው የሚታጠብበት፥ መድኃኒቱን የሚያኖርበት፥ ደጁን ዘግቶ ያለ ፍርሃት የሚተኛበት ስፍራ የለውም። ሌሊቱን በብርድና በሥጋት ያደረውን ሰው በማለዳ «ጠባይህን አሳምር» ማለት ዘር ሳይዘሩ መከር መጠበቅ ነው።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ዓመት ሳም ፀምበሪስ የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ በኒው ዮርክ ከተማ የተለመደውን ሥርዓት ገለበጠ። ቀድሞ የአእምሮ ሕመምተኛ ታክሞና ከመጠጥ ርቆ ካልታየ ቤት አያገኝም ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ቤቱን ሰጠ፤ ከዚያም ሐኪምና ረዳት እስከ ቤቱ ድረስ ላከለት።

ፊንላንድም በ2008 ይህን መንገድ የመንግሥት ሥራ አደረገችው። ሳልቬሽን አርሚ የሚባለው የክርስቲያኖች ማኅበር በሄልሲንኪ የነበረው ባለ 250 አልጋ ማደሪያ በ2012 ታድሶ 81 መኖሪያ ቤቶች ኾነ። ነዋሪው የኪራይ ውል ይፈርማል፥ ኪራዩንም ይከፍላል፤ አቅም ላነሰው መንግሥት ይረዳዋል። በዚያች አገር በ1987 ቤት የሌላቸው ብቸኞች ከ17,000 ይበልጡ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ቤት ሲሠራና ሲገዛ ኖሮ በ2023 ቍጥራቸው 3,429 ኾነ። በ2024 ግን እንደ ገና ወደ 3,806 ከፍ አለ፤ ስለዚህ ይህ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም።

«ይህ ስንፍናን መመገብ አይደለምን?» ትለኝ ይኾናል። በካናዳ ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች 2,000 በሚያህሉ ሰዎች ነገሩ ተፈትኖ ነበር። ቤት አስቀድሞ የተሰጣቸው ከሌሎቹ ይልቅ በቤታቸው ጸንተው ኖሩ። ከሕመምና ከመጠጥ በመዳን ግን ከሌሎቹ ብዙ አልበለጡም፤ ቤት በማግኘታቸውም አልባሱም። እንግዲህ ቤት ኹሉን ይፈውሳል አንልም፤ ከቤቱ ጋራ ረዳት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊ የቈሰለውን ሰው ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ስለ እርሱም ከፈለ፥ የጐደለ ቢኖር ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። «በሽፍታ መንገድ ብቻህን ለምን ሄድህ?» ብሎ ግን አልመረመረውም።

አንተም ወዳጄ ሆይ፤ ሳንቲም ጥለህ ስታልፍ ዕዳዬን ከፈልሁ አትበል። የሚከራይ ክፍል ቢኖርህ በልብሱ ማደፍ ብቻ ሰውን አትመልስ። ከባልንጀሮችህ ጋራ ኾነህ ለአንድ ሰው እንኳ የዓመት ኪራይ ለመክፈል ብትችል፥ ክፈል። ቤት ከገባም በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ጐብኘው፤ ቢታመም ወደ ሐኪም ውሰደው፥ ቢወድቅም ቍልፉን ለመንጠቅ አትቸኵል።