የተዘጋ በርና እንግዳ

ዘግቶ ያረፈ ከተማ ውስጥ የገባ እንግዳ ምን አየ እንበል? ምንም? ወይስ በአዘቦት ቀን የማይታየውን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ስንመረምረው ግን «ሰው ለሰው ምኑ ነው?» ወደሚለው ትልቅ ጥያቄ ይወስደናል።

እሑድ ቀን ጀርመን አገር የወረደ ጎብኚ አብዛኛውን ሱቅ ተቆልፎ ያገኘዋል። ነገሩ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው የቫይማር ሕገ መንግሥት እሑድን የዕረፍት ቀን ብሎ ጠበቀው፤ የ1949ኙ መሠረታዊ ሕግም አንቀጹን እንዳለ ወረሰው። በርሊን ከገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች ሁሉ ሱቅ ይከፈት ብትል፣ በ2009 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት አይሆንም አላት። በነሐሴ ፓሪስ የገባ እንግዳም ሠፈር ውስጥ ዳቦ ቤት ፍለጋ ይንከራተታል። እ.ኤ.አ. በ1936 የፈረንሳይ ሠራተኞች አድመው፣ ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጠው፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት ፈቃድ በሕግ አስጻፉ። ጎብኚው ታዲያ ካርታውን ይዞ ጎዳና ላይ ቆሞ «የሞተ ከተማ!» ይላል። ኧረ ለማን ነው የሞተው?

ሩቅ ሳንሄድ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ጊፋታ ሲብት ሶዶ የደረሰ መንገደኛም ይኸው ይገጥመዋል። ዳሞታ ተራራ እንደ ወትሮው ከከተማው በላይ ቆሟል፤ ሱቁ ግን ተዘግቷል፤ ሊስትሮውም የለም። ሰዉ የት ገባ? ቤቱ ነዋ! ለበሬው ዓመቱን ሙሉ ዕቁብ ሲጣል ከርሟል፤ እናቶች ቅቤ ሲያጠራቅሙ ከርመዋል፤ ባጭራውና ሙቿው ቀርቧል፤ የተጣላው እየታረቀ ነው። ከየአገሩ መጥተን ኦቶና የምንማር እኛም፣ ይህን ከተማ በደንብ የምናውቀው የሚሸጥልን ነገር ባጣንበት በዚያ ቀን ነው።

አዲስ አበባም በዚያው ሰሞን ትሳሳለች። ጉራጌው ነጋዴ የመርካቶ ሱቁን ቆልፎ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ የወላይታው ልጅ የሊስትሮ ሣጥኑን አደራ ሰጥቶ የሶዶ አውቶቡስ ላይ ይሳፈራል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» አይደል የሚባለው? ይሄኔ ከተሜው «ጫማዬን ማን ይጥረግልኝ?» ብሎ ያማርራል። ዓመቱን ሙሉ ስሙን ሳይጠይቅ እግሩን የዘረጋለት ልጅ እናት እንዳለችው፣ የሚጠብቀው ደጅ እንዳለው ትዝ የሚለው በቀረበት ቀን ነው። የተዘጋው በር የሚያስተምረን ይህን ነው፤ የሚያገለግለን ሰው ከአገልግሎቱ ይበልጣል።

«የቸገረውስ?» የሚል ሙግት ይነሣል፤ ሙግቱም ትክክል ነው። መልሱን ግን ኦቶና ላይ እናገኘዋለን። በ1920 ዓ.ም. ሚስዮናውያን የሰፈሩባት ኦቶና ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል አለባት። ምጥ ጊፋታ ነው ብሎ አይዘገይም፤ ስለዚህ አዋላጇ ተረኛ ናት። ምጥ የያዛት ሴት ጩኸትና ማኪያቶ ያማረው ጎብኚ ቅሬታ ግን በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ለነፍስ የሚከፈት በር አለ፤ ለምቾት የሚከፈት በርም አለ። የመጀመሪያው አይዘጋ፤ የከፈተውም ሰው በተራው ይረፍ። ሁለተኛው ቢዘጋ ማን ሞተ?

ከዚህ የከበደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ መዝጋት የሚችለው ማን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪው በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት ደንግጎለታል። ሊስትሮውስ? ጉሊት ላይ በርበሬ ዘርግታ የምትቸረችረውስ? አሠሪ የላቸውም፤ ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጣቸውም የለም። እሷ አንድ ቀን ከዘጋች የማታው እራት ያጥራል። ዕረፍቷን የምትገዛው ከራሷ ኪስ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የተዘጋ በር ሁሉ ከኋላው የሚደግፈው ነገር ይፈልጋል፤ በጀርመን ሕግ፣ በፈረንሳይ ደመወዝ፣ በወላይታ ደግሞ ሳንቲም በሳንቲም የተጠራቀመ ዕቁብ። ድጋፍ የሌለው ሰው በዓልም ቢሆን ደጅ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ እኛም «ጎበዝ፣ ክፍት ነው!» ብለን እናመሰግነዋለን።

እንግዳ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ቀን ከደረስክ ስንቅህን ያዝ፣ በእግርህ ዙር፣ ቤት ግባ ካሉህም ግባ፤ በሩ የተዘጋው ለገበያ ነውና። እኛ ነዋሪዎቹ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን። በአዘቦት ቀን ከሊስትሮው ጋር ሁለት ብር ስንከራከር የምንቀንሰው ከምን ላይ ነው? ለጊፋታ አገሩ ከሚገባበት የመሳፈሪያ ገንዘብ ላይ አይደለምን?